በቅሎ ላም የሆነችበት ትምህርት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር መባቻ፣ የባሕር ዳር ከተማ ማሰብ ጀመረች። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ዝም ብሎ ይኖር ነበር። ዓሣ ያጠምዳል፣ ደንገል ያጭዳል፣ በደንገሉም ታንኳ ይሠራል፣ ይጋባል፣ ይካሰሳል፣ ይታረቃል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን አንድም ቀን በትክክል አስቦ እንደማያውቅ የነገረው አልነበረም። ይህን ጉድለት ያዩልን፣ አይተውም ዝም ያላሉት፣ የጣልያን መንግሥት በከተማችን ላይ የሾማቸው ካፒቴን ፓስኳሊኒ ናቸው።

ካፒቴኑ ተራ ወታደር አልነበሩም። በአገራቸው በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሎጂካን መግቢያ የሚያስተምሩ አንድ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ፕሮፌሰሩ ረዳት ነበራቸው፤ ፓስኳሊኒ የረዳቱ ረዳት ነበሩ። ፕሮፌሰሩ በታመሙ ቀን ረዳቱ ያስተምራል። ረዳቱም በታመመ ቀን ፓስኳሊኒ ያስተምራሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ አንድ ላይ የታመሙት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በዚያም ቀን ተማሪዎቹ አልመጡም። እንግዲህ ያ ሁሉ ያልተነገረ ትምህርት በሆዳቸው እንደ ታመቀ ነው ጣና ዳር የደረሱት።

የተላኩት ሽፍታ እንዲያጠፉ ነበር። ሽፍታ ማለት መንግሥት በወረቀት የሚጽፈው ስም ነው፤ ሕዝቡ እነዚያኑ ሰዎች ድምፁን ዝቅ አድርጎ አርበኛ ይላቸዋል። ካፒቴኑ ነገሩን ሦስት ሳምንት ካጠኑ በኋላ ወደ ጎንደር እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «የአገሬው ሰው ግዛታችንን የማይቀበለው ከክፋት የተነሣ ሳይሆን፣ ከሁለት ትክክለኛ መነሻዎች አንድ ትክክለኛ መደምደሚያ ማውጣት ባለመቻሉ መሆኑ በጥናት ስለ ተደረሰበት፣ ሎጂካ እንዲማር እንዲፈቀድ በትሕትና አመለክታለሁ።» ከጎንደር መልስ አልመጣም። ካፒቴኑም ዝምታው ፈቃድ መሆኑን በሎጂካ ደረሱበት።

አዋጁ በገበያ ቀን ተነገረ። ታንኳ ለመቅዘፍ ፈቃድ የሚሻ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ሰው ለስድስት ሳምንት ወደ ትምህርት ይላክ ተባለ። የሐይቁ ዳር ሰው ያለ ታንኳ እንጀራ ስለሌለው አርባ ያህል ቤተሰብ አርባ ሰው ላከ። በእርግጥ የተላከው ከሥራ ሊተርፍ የሚችለው ሰው ነበር፤ ወገቡን ያመመው፣ ያረገዘችው፣ ከጎረቤት ጋር ጠብ የሚያበዛው። ገብስ የሚከማችበት፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ ያልለቀቀው መጋዘን ተጠርጎ በበሩ ላይ «ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ተጻፈ።

ከተማሪዎቹ መካከል ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው አያ ኑርሑሴን ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በግራ ጆሯቸው የማይሰሙ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ። ሁለተኛዋ ራሂማ ናት። ባሏ መስዑድ በዚያ ዳርቻ ታንኳ በመሥራት የሚወዳደረው አልነበረም፤ ደንገል የሚታጨድበት ጊዜ ስለሆነ እሷን በሱ ፈንታ ላካት። ራሂማ የሰማችውን ሳታላምጥ የማትውጥ ሴት ናት። ካፒቴኑ ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ መስዑድን ራሱን ያስመጡት ነበር።

አስተርጓሚው አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ቅኔ የተቀኙ፣ ኋላም አሥመራ አራት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ጣልያንኛ የተማሩት ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ስለሆነ ስለ ጢምና ስለ ጉንጭ የማያውቁት ቃል የለም፤ ስለ ፍልስፍና ሲሆን ግን ከራሳቸው ይጨምራሉ።

የመጀመሪያው ትምህርት በሰኞ ጠዋት ተሰጠ።

«ሰው ሁሉ ሟች ነው» አሉ ካፒቴኑ። አለቃ ተረጎሙ። ተማሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን ሳይማሩም ያውቁት ነበር።

«ሶቅራጥስ ሰው ነው።»

«ይሁንለት» አሉ ተማሪዎቹ።

«ኤርጎ!» አሉ ካፒቴኑ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

አያ ኑርሑሴን ደኅናውን ጆሯቸውን አዞሩ። «እርጎ ነው ያሉት?»

አለቃ ላባቸውን ጠረጉ። በላቲን «ስለዚህ» ማለት የሆነው ይህ ቃል ፀጉር ቤት ውስጥ አያገለግልም ነበር። «አዎ፣ እርጎ ነው ያሉት» አሉ።

«ሶቅራጥስ ሟች ነው» ብለው ካፒቴኑ ጨረሱ።

«ሶቅራጥስ ሞቷል» ብለው አለቃ ተረጎሙ።

«ኢና ሊላሂ» አለች ራሂማ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ።

«እርጎ ጠጥቶ ነው የሞተው?» አሉ አያ ኑርሑሴን።

አለቃ ወደ ካፒቴኑ ዞረው፣ ሰውዬው ጠጥቶ ነው ወይ የሞተው ይላሉ ብለው ጠየቁ። ካፒቴኑ ከመደነቃቸው የተነሣ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። «ማን ነገራቸው? አዎ፣ ጠጥቶ ነው የሞተው! መንግሥት ነው ያጠጣው!»

«የመንግሥት ሰዎች ናቸው ያጠጡት» አሉ አለቃ።

«አየ!» አሉ አያ ኑርሑሴን። «መንግሥት የሰጠውን ሳያሸት ጠጣዋ።»

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴኑ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ አርባው ተማሪ በራቸው ላይ ተሰብስቦ ተቀምጦ አገኙት። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። «ምንድር ነው?» አሉ። «ሊያስተዛዝኑ ነው የመጡት» አሉ አለቃ። «ለሶቅራጥስ። ወንድምዎ መስሏቸዋል።» የካፒቴኑ ዓይን እንባ አቀረረ። በዚያው ዕለት ለጎንደር፣ «አውሮጳ በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያላሳየችውን ኀዘን ባሕር ዳር በአንድ ቀን አሳየች» ብለው ጻፉ። በዚያ ሳምንት ከጢስ ዓባይ በኩል እርጎ ይዘው የመጡ ሴቶች አንድም ገዢ ሳያገኙ ተመለሱ፤ ይህ ግን በሪፖርቱ አልተጠቀሰም።

ትምህርቱ በዚህ ዓይነት እየገሰገሰ በአራተኛው ሳምንት ስለ ስሕተት ከሚናገረው ክፍል ደረሰ። ካፒቴኑ ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። ሰሌዳው ላይ ላምና በቅሎ ሣሉ፤ ሁለቱም ውሻ መሰሉ።

«ላም ሁሉ ሣር ትበላለች። በቅሎ ሣር ትበላለች። ኤርጎ፣ በቅሎ ላም ናት» አሉና ዞር ብለው ሳቁ። «ያልሠለጠነ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው! ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ የሚነግረኝ ማነው?»

አያ ኑርሑሴን፣ «ማን ያልባታል እንግዲህ?» አሉ። ይህ እንደ መልስ አልተቆጠረም።

ራሂማ ግን፣ «ላም ሣር ትበላለች ተባለ እንጂ ሣር የበላ ሁሉ ላም ነው አልተባለም» አለች። «ፍየሌም ትበላ የለም እንዴ? መደምደሚያው ከየት መጣ?»

አለቃ ሲተረጉሙላቸው ካፒቴኑ እጃቸውን አጨበጨቡ። የረዳቱ ረዳት ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ተማሪ ሰምተው አያውቁም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አንድም ተማሪ ሰምተው አያውቁም። ስሟን ከመዝገቡ አናት ላይ በቀይ ቀለም ጻፉት።

በአምስተኛው ሳምንት መግቢያ ከጎንደር ደብዳቤ መጣ። ስለ ሶቅራጥስ አንድም ቃል የለበትም። «አንድ ኮሎኔል በአሥር ቀን ውስጥ ለቁጥጥር ይመጣል። እስካሁን ስንት ሽፍታ ይዘሃል?» ይላል። ካፒቴኑ አንድም አልያዙም ነበር። ባለፈው ሳምንት እንኳ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ከዓባይ መውጫ በላይ ወደ በጌምድር ዳርቻ ተሻግረዋል፤ ትተውት የሄዱት ነገር ቢኖር እርጥብ አሸዋ ላይ የታንኳ ምልክት ብቻ ነው።

ሌላ ሹም ቢሆን ወታደር ይልክ ነበር። ካፒቴን ፓስኳሊኒ ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ በብዕር፣ ከምሳ በፊት አንድ ሽፍታ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ሄደው መስዑድን የታንኳ ወገብ ሲያስር ከሐይቁ ዳር አንሥተው አሰሩት። ኮሎኔሉ መጥተው ፍርዱን ሲያጸኑት በጥይት ይደበደባል ተባለ።

ራሂማ ያን ዕለት አላለቀሰችም። በቀጥታ ወደ አለቃ ቤት ሄደች። አለቃ ደጃፋቸው ላይ ቆመው በር ሊዘጉ ሲሉ ደረሰች።

«አለቃ፣ ባሌን ምን ብለው ነው የያዙት?»

«ልጄ፣ እኔ አስተርጓሚ እንጂ ዳኛ አይደለሁም።»

«ዳኛ ነዎት አላልሁም። ወረቀቱን አንብበውታል ወይ ነው ያልሁ።»

አለቃ ግራና ቀኝ አዩ። ወረቀቱን የገለበጡት እሳቸው ነበሩ። «ሦስት መስመር ናት» አሉ በሹክሹክታ። «ሽፍቶቹ ሁሉ በታንኳ ተሻገሩ። መስዑድ በታንኳ ይሻገራል። ስለዚህ መስዑድ ሽፍታ ነው። ከዚያ ማኅተም ነው።»

ራሂማ መስመሮቹን በጣቷ ቆጠረች። ከዚያም፣ «ይችማ በቅሎዪቱ ናት!» አለች።

«ዝም በይ አንቺ! ካፒቴኑን በቅሎ አልሻቸው?»

«እሳቸውን አላልሁም፤ ነገሩን ነው። ራሳቸው አይደሉም ወይ ባለፈው ሳምንት ያስተማሩን? ላም ሣር ትበላለች፣ በቅሎ ሣር ትበላለች…»

አለቃ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸውና ወዲያው ገባቸው። ስለ ገባቸውም ፊታቸው ጠቆረ። ራሂማ ግን ቀጠለች። «ኮሎኔሉ ሲመጡ ፈተና አለ ብለውናል። ስሜ ከመዝገቡ አናት ላይ ነው። መጠየቄ አይቀርም። እርስዎ ያልሁትን ብቻ ይበሉልኝ። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።»

«ከቀነስሁስ?»

«ከቀነሱማ» አለች ራሂማ፣ ያን ጊዜ ድምጿ ተሰበረ፣ «መስዑድን የገደሉት እርስዎ ነዎት።»

አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ያን ሳምንት የተረጎሙትን ሁሉ መለስ ብለው አሰቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨምሩበት ተርጉመው አያውቁም።

በካፒቴኑ ዕቅድ መሠረት የስድስተኛው ሳምንት ትምህርት፣ «ስሕተት ያለበት ክርክር አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ መደምደሚያ ሊኖረው ስለ መቻሉ» የሚል ነበር። ሆኖም ኮሎኔሉ በዚያው ሳምንት ስለ መጡ ትምህርቱ ተሰርዞ በምትኩ የፈተና በዓል ተደረገ። አንድ ትምህርት ቢቀር ምን ይጎዳል ተባለ።

ኮሎኔሉ ከጎርጎራ በሞተር ጀልባ ሲመጡ ሐይቁ አናውጧቸው ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ትልቅ፣ በሰም የተሾለ ጢም አላቸው። የቸኮሉት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሳይነሣ ለመመለስ ነው። ካፒቴኑ ስለ ሠለጠነ አእምሮና ስለ ጨለማ ዘመን ፍጻሜ ሰፊ ንግግር አደረጉ፤ ኮሎኔሉ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። መስዑድ እጁ እንደ ታሰረ በመጋዘኑ በር ላይ በሁለት ወታደር መካከል ቆሟል፤ ከፈተናው ቀጥሎ ያለው ጉዳይ እሱ ነበርና።

መጀመሪያ አያ ኑርሑሴን ተጠሩ። «ከሁለት መነሻ አንድ መደምደሚያ አውጡ» ተባሉ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምባዛ ዓሣ ሁሉ ጢም አለው» አሉ። ከዚያም ወደ ኮሎኔሉ አዩና፣ «ጌታው ጢም አላቸው» አሉ።

ተማሪዎቹ ሁሉ ፊታቸውን በነጠላና በጋቢ ሸፈኑ። አለቃ ግን ይህ የሙያቸው ነገር ነውና አልዘገዩም። «የክቡርነትዎ ጢም በሐይቁ ላይ ታይቶ የማይታወቅ ነው ይላሉ» ብለው ተረጎሙ። ኮሎኔሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው ጢማቸውን አሻሹ፤ አያ ኑርሑሴንም ፈተናውን በከፍተኛ ማዕረግ አለፉ።

«አሁን ደግሞ የክፍላችን ኩራት!» አሉ ካፒቴኑ። «ራሂማ፣ ስሕተት ላለበት ክርክር አንድ ምሳሌ ስጪ።»

ራሂማ ተነሣች። ወደ በሩ አላየችም። «ሽፍቶቹ ሁሉ በታንኳ ተሻገሩ» አለች። «መስዑድ በታንኳ ይሻገራል። ስለዚህ መስዑድ ሽፍታ ነው።»

አለቃ ዞር ዞር አሉ። ወደ ካፒቴኑ አዩ፤ ወደ ኮሎኔሉ አዩ፤ ወደ መስዑድ አዩ። ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ተረጎሙ።

«ግሩም!» ብለው ካፒቴኑ ጮኹ። ነገሩ የት እንደ ተጻፈ ገና ትዝ አላላቸውም። «ፍጹም ስሕተት! ሕፃን እንኳ የማይሠራው ስሕተት! ለክቡር ኮሎኔል አስረጂያቸው፣ የት ላይ ነው የተበላሸው?»

«ሽፍታው በታንኳ ተሻገረ ተባለ እንጂ በታንኳ የተሻገረ ሁሉ ሽፍታ ነው አልተባለም» አለች ራሂማ። «ቄሱም ይሻገራል፤ ሼሁም ይሻገራል፤ በርበሬ ነጋዴውም ይሻገራል። ጥር ላይ የካፒቴኑ ሞተር ጀልባ የተበላሸ ጊዜ ዘጌ ድረስ ያሻገራቸው ይኸው መስዑድ ነው፤ በታንኳ። እንግዲህ ክርክሩ ትክክል ነው ካላችሁ ካፒቴኑም ሽፍታ ናቸው።»

ኮሎኔሉ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ይህን ክርክር የሠራው ማነው?» አሉ።

ካፒቴኑ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው፤ ፊታቸውም ከኮሎኔሉ ፊት ይልቅ ቢጫ ሆነ። ኮሎኔሉ የመስዑድን ወረቀት አስመጥተው ሦስቱን መስመር አነበቡ። መልሰው አነበቡ።

እዚህ ላይ የካፒቴን ፓስኳሊኒን ታላቅነት ሳላመሰግን አላልፍም። ሁለት መንገድ ነበራቸው። ፍርዱ ትክክል ነው ቢሉ ትምህርታቸው ከንቱ፣ ራሳቸውም ሽፍታ ይሆናሉ። ፍርዱ ስሕተት ነው ቢሉ መጥፎ ዳኛ፣ ግን በዓለም ወደር የሌለው አስተማሪ ይሆናሉ። ዳኝነትን ማንም ሹም ያገኘዋል። ካፒቴኑ ብድግ ብለው ደረታቸውን ነፉ።

«ክቡር ኮሎኔል፣ ክርክሩ የእኔ ነው! ተማሪዬ በአምስት ሳምንት ውስጥ እኔኑ ረታችኝ! በየትኛው ቅኝ ግዛት ይህ ታይቶ ያውቃል?»

ኮሎኔሉ በመስኮት ሐይቁን አዩ። ነፋሱ ደንገሉን ማወዛወዝ ጀምሮ ነበር። «ፈጥነህ ጨርሰው» አሉ።

ካፒቴኑም በቆሙበት እንዲህ የሚል ጻፉ፦ «መስዑድ ሽፍታ ነው የተባለበት ክርክር ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ መስዑድ ሽፍታ አለመሆኑ በሎጂካ ስለ ተረጋገጠ፣ በማናቸውም ሰዓት ሳይፈተሽ ይሻገር ዘንድ ተፈቅዷል።» ሁለቱም ፈረሙበት፤ ሁለት ማኅተም አረፈበት። የመስዑድ እጅ ተፈታ። አያ ኑርሑሴን ነገሩ ባይሰማቸውም ሰው ሲያለቅስ አይተው አለቀሱ።

ባልና ሚስት በሐይቁ ዳር ወደ ቤታቸው ሄዱ። መስዑድ ገመዱ የላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ነበር።

«ራሂማ» አለ፣ «አላህ ያክብርሽ። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ።»

«ምን?»

ወደ ኋላው ዞሮ አየ። «ሰዎቹን ያሻገርኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ አምስቱንም። በሦስት ታንኳ፣ እኔና ያጎቴ ልጆች።»

«አውቃለሁ» አለች ራሂማ።

መስዑድ ቆመ። «ታውቂያለሽ?»

«ታንኳው ውስጥ የጥይት ቀለህ አግኝቼ ሐይቅ ውስጥ የጣልሁት እኔ አይደለሁም? ሲነጋ ልብስህ እርጥብ፣ ዓሣ ግን የለህ። ምን መስሎህ ነው?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆመሽ ዋሸሽ?»

«ወላሂ አንድ ቃል አልዋሸሁም» አለች ራሂማ ተቆጥታ። «መስዑድ አላሻገረም መቼ አልሁ? በዚያ ወረቀት አይረጋገጥም ነው ያልሁ። ሽፍታ አይደለም ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው።» ከዚያ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አሥር ቀን ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰችው። መስዑድም ከጎኗ ተቀምጦ ነጠላዋን ከጭቃው አነሣላት።

ኮሎኔሉ ጎንደር እንደ ደረሱ፣ ለአገሬው ሰው ከእንግዲህ ሎጂካ እንዳይሰጥ የሚል ትእዛዝ ላኩ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ገብስ ገባበት። ካፒቴኑ አዘኑ፤ ግን ለሥራቸው ማስታወሻ ይሆን ዘንድ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እየወጡ ተማሪዎቻቸውን ሰላም ማለት ጀመሩ።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ጠዋት አለቃን አስከትለው ሲወጡ የመስዑድ ታንኳ ከዳርቻው ሊነሣ ሲል ደረሱ። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ አራት ሰዎች ተሳፍረዋል። ዘብ የቆመው ወታደር አስቁሟቸው ኖሯል። መስዑድ ሁለት ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥቶ ያሳያል።

«ወረቀቱ አንተን ብቻ ነው የሚለው» ይላል ወታደሩ። «እነዚህስ እነማን ናቸው?»

መስዑድ ካፒቴኑን ባየ ጊዜ ሚስቱ ማታ ማታ ስታወራለት የከረመችው ትምህርት ትዝ አለው። «አለቃ፣ እንዲህ ይበሉልኝ» አለ። «መስዑድ ሽፍታ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከመስዑድ ጋር ናቸው።»

አለቃ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ተረጎሙ፤ ለምደውት ነበር።

የካፒቴን ፓስኳሊኒ ፊት በራ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ እንደ መልካም ምግብ አጣጣሙት። «ኤርጎ፣ ሽፍታ አይደሉም!» ብለው ጮኹ፤ ወታደሩንም ገፍተው ታንኳውን በገዛ እግራቸው ወደ ውኃው ገፉት። ከዚያ ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው እያውለበለቡ ሸኟቸው፤ ከአራቱ መንገደኞች አንዱም ጨዋ ሰው ኖሮ፣ ጋቢው ውስጥ የያዘውን ጠመንጃ ወደ ግራ ትከሻው አዛውሮ፣ በነፃው እጁ ሰላምታቸውን መለሰ።